እስከ ምሳ ሰዓት የሚጠብቅ የሰላጣ ድሬሲንግ

ሰላጣ ቋጥሮ መውጣት የሚጀምር ሰው ብዙ ነው፤ የሚቀጥልበት ግን ጥቂት ነው። የሚያስተወው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አትክልቱ አይደለም። ጠዋት ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው ቅጠል ቀትር ላይ ምሳ ዕቃው ሲከፈት ጠውልጎ፣ ጠቆር ብሎ፣ ከሥሩ ውሃ አቁሮ ይገኛል። ወይም ሰውየው ይህን ፈርቶ ድሬሲንግ፣ ማለትም ሰላጣው ላይ የሚፈሰውን ማጣፈጫ፣ ሳይዝ ይሄድና ደረቅ ጎመን ሲያላምጥ የምሳ ሰዓቱ ያልቃል።

እኔም ለረጅም ጊዜ ትቼው ነበር። የተመለስኩበት ድሬሲንጉን ለምሳ ዕቃ ብዬ መሥራት ስጀምር ነው። ቤት ውስጥ ለእራት የምንሠራው ድሬሲንግ ሰላጣው ላይ እንደፈሰሰ ይበላል። የምሳ ዕቃው ግን አራት አምስት ሰዓት ይጠብቃል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገለባበጣል፣ ይቀዘቅዛል ወይ ይሞቃል፣ ከዚያ በአንዲት ሹካ ተገላብጦ ይበላል። ስለዚህ ከለመድነው ጠንከር ያለ ጣዕም ይፈልጋል፣ ትንሽም ወፈር ማለት አለበት፣ እስከ ሰዓቱ ድረስ ደግሞ ከቅጠሉ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ቅጠሉን የሚያጠወልገው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው አቼቶው ወይም ሎሚው ይመስለዋል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ዘይቱ ነው። የሰላጣ ቅጠል ላዩ ላይ ስስ የሰም ሽፋን አለው፤ ስታጥቡት ውሃው እየተንከባለለ የሚወርደው ለዚህ ነው። አቼቶ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ እሱንም ሽፋኑ ይመልሰዋል። ዘይት ግን ከሰም ጋር ይግባባል፣ ቀስ ብሎ ሰርጎ ይገባል፣ ቅጠሉም ይልፈሰፈሳል። ካላመናችሁኝ ሦስት ቅጠል ወስዳችሁ አንዱ ላይ ዘይት፣ አንዱ ላይ አቼቶ፣ አንዱ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉና ቆይታችሁ ተመልከቱ። ዘይት የነካው ቀድሞ ይጠቁራል።

ሁለተኛው ጨው ነው። ጨው ከአትክልት ውስጥ ውሃ ይስባል። ኪያርና ቲማቲም ላይ ጠዋት ጨው ከነሰነሳችሁ ቀትር ላይ ሾርባ ታገኛላችሁ፤ ያ ውሃ ደግሞ ድሬሲንጉን አቅጥኖ ጣዕሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ አትክልቱን ጠዋት ጨው አታስነኩት። ጨዉ ድሬሲንጉ ውስጥ ይሁን፣ ድሬሲንጉም ለብቻው ይሁን።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚንቀው ነው፦ በደንብ ያልደረቀ ቅጠል። እርጥብ ቅጠል ላይ ድሬሲንግ አይይዝም፣ ተንሸራቶ ከሥር ይጠራቀማል። ካጠባችሁት በኋላ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ በደንብ አራግፉት፣ ጊዜ ካለ ደግሞ ማታ አጥባችሁ ፎጣው ላይ ዘርግታችሁ አድርቁትና ፍሪጅ አስገቡት። ይህን ብቻ ብታስተካክሉ ግማሹ ችግር ይቀላል።

ይህ ሁሉ ግን ለስላሳ ቅጠልን ነው የሚመለከተው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ እነዚህ ተቃራኒ ናቸው። ማታ ከድሬሲንጉ ጋር ተለውሰው ቢያድሩ ይጣፍጣሉ። ድንችና ፓስታ ደግሞ ገና ትኩስ እያሉ ቢለወሱ ጣዕሙን ወደ ውስጥ ይጠጡታል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ ሲጠጡት ያድራሉና ጠዋት ደረቅ ይመስላሉ፤ ስለዚህ አንድ ማንኪያ ድሬሲንግ አስቀርታችሁ ልትበሉ ስትሉ ጨምሩበት።

መሠረቱ፦ አቼቶና ዘይት

ይህችን አንዷን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ የእሷ ልጅ ነው። በብዙ የምግብ መጽሐፍ የምታገኙት ልክ ሦስት እጅ ዘይት ለአንድ እጅ አቼቶ ነው። ለቤት ማዕድ ጥሩ ነው። ለምሳ ዕቃ ግን እኔ ሁለት ለአንድ እላለሁ። ምክንያቱም ቀዝቃዛ ምግብ ጣዕሙ ይደበዝዛል፣ አትክልቱም በራሱ ትንሽ ውሃ ይለቃል፣ ስለዚህ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ሲቀመስ ትክክል የሆነ ድሬሲንግ ቀትር ላይ ፈዞ ይገኛል። ጠዋት ስትቀምሱት ትንሽ "በዛ" የሚያስብል መሆን አለበት።

ልኩ ይህ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ (የተዘጋጀው፣ ለስላሳው)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ በጠቅላላው ወደ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣል። ለአንድ ሰው ምሳ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ አንዳንዴ አንድ ተኩልም ይበቃል። ይህ ማለት ለሦስት ቀን ይሆናችኋል።

ቅደም ተከተሉ ቁም ነገር አለው። መጀመሪያ ጨዉን አቼቶው ውስጥ ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉት። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ዘይቱን ካስቀደማችሁ ጨዉ ከሥር ተቀምጦ ይቀርና የመጨረሻዋ ጉርሻ ላይ ያገኛችኋል። ከዚያ ሰናፍጩንና ማሩን ጨምሩ፣ አማስሉ። ዘይቱ መጨረሻ ይግባ። ክዳኑን ገጥማችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በኃይል ናጡት። ወፈር ብሎ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ሲታይ ደርሷል።

ሰናፍጩን "እኔ አልወደውም" ብላችሁ አትዝለሉት። በዚህ ልክ ጣዕሙ እምብዛም አይሰማም፤ ሥራው ሌላ ነው። ዘይትና አቼቶ በተፈጥሯቸው አይዋሃዱም፣ ብትንጧቸውም ወዲያው ይለያያሉ። የሰናፍጭ ፍሬ ልጣጭ ውስጥ ግን የሚያጣብቅ ነገር አለ፤ እሱ ጥቃቅኖቹን የዘይት ጠብታዎች እየከበበ ተመልሰው እንዳይገናኙ ያደርጋል። ማርም በመወፈሩ ያግዘዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢሆን ከጥቂት ሰዓት በኋላ መለያየቱ አይቀርም። አልተበላሸም። እንደገና ናጡት፣ አለቀ።

ስትቀምሱት በማንኪያ አትቅመሱ። ድሬሲንግ ብቻውን ሁልጊዜ የኮመጠጠ ይመስላል፤ ሰው ይደነግጥና ዘይት ይጨምርበታል፣ በኋላ ሰላጣው ላይ ሲሆን ምንም ጣዕም የለውም። ከምትበሉት ቅጠል አንዷን ቆርጣችሁ ነክራችሁ ቅመሱ። እውነተኛውን ጣዕም የምታገኙት እዚያ ነው።

አቼቶ ወይስ ሎሚ?

ሁለቱም ይሆናሉ፤ የሚለያዩት በዕድሜ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው አቼቶ በአብዛኛው 5 በመቶ ገደማ አሲድ አለው፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የሎሚ ጭማቂም ኃይሉ ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ስለዚህ አንዱን በሌላው ቦታ በእኩል ልክ መተካት ይቻላል። ነገር ግን የተጨመቀ ሎሚ ሽታው ቶሎ ይጠፋል፣ በማግስቱ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል። ለሳምንት የምትሠሩትን በአቼቶ፣ ለነገ የምትሠሩትን በሎሚ ሥሩት። የሎሚ ሽታ የምትወዱ ከሆነ ልጣጩን ከላይ ከላይ ብቻ ፈቅፍቃችሁ ጨምሩበት፣ ነጩን ክፍል ግን አትንኩት፣ ይመራል። ብርቱካን ጣፋጭ ነው፣ ለካሮትና ለቀይ ሥር ግሩም ይሆናል፤ ብቻውን ግን ጉልበት ስለሌለው አንድ ማንኪያ አቼቶ አግዙት።

ዘይቱን በተመለከተ፦ የወይራ ዘይት ጣዕም አለው፣ ግን ፍሪጅ ውስጥ ይረጋል፣ ይደፈርሳል። ተበላሸ ብሎ የደፋ ሰው አውቃለሁ። ምንም አልሆነም፤ ፍሪጅ ውጭ ትንሽ ሲቆይ ይመለሳል። የሱፍ ዘይት አይረጋም፣ ጣዕሙም ገለልተኛ ነው። እኔ ግማሽ በግማሽ እቀላቅላለሁ፣ ለቅዝቃዜውም ለጣዕሙም ይስማማኛል። ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀ ዘይት ካላችሁ ጠብታው ይበቃል፤ በማንኪያ ከገባ ሁሉን ነገር ይውጠዋል።

ደግሞ ዘይቱን ጨርሶ አታስቀሩት። ካሎሪ ፈርቶ በአቼቶ ብቻ ሰላጣ የሚበላ ሰው አለ። ካሮትና አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ የሚገኝበት ንጥረ ነገርና ቫይታሚን ኬ በስብ የሚሟሙ ናቸው፣ ሰውነት በደንብ የሚወስዳቸው ከስብ ጋር ሲበሉ ነው።

ወፈር ያሉት

የእርጎ ድሬሲንግ። ለምሳ ዕቃ ከሁሉ የምወደው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ወፍራም ስለሆነ ቅጠል ላይ ይይዛል፣ ለመፍሰስም አይቸኩልም። አራት የሾርባ ማንኪያ ወፍራም እርጎ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የተከተፈ ፐርስሊ ወይም የድንብላል ቅጠል። እርጎው ቀጭን ከሆነ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አጥልሉት። ኪያር ፈቅፍቃችሁ መጨመር ካማራችሁ ውሃውን በእጃችሁ ጨምቃችሁ አስወግዱ፤ ካልጨመቃችሁት እስከ ቀትር ወደ ቀጭን ውሃ ይለወጣል። ይህ ድሬሲንግ ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የጣሂኒ ድሬሲንግ፣ ማለትም ከተፈጨ ሰሊጥ የሚሠራው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጣሂኒ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ ጨው፣ ቁንጥር ከሙን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ነገር አለ፦ ሎሚውን ስትጨምሩ ጣሂኒው በመቅጠን ፈንታ ድንገት ይወፍራል፣ ይቋጠራል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል። አትጣሉት። ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ መምታታችሁን ቀጥሉ። ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ማንኪያ በኋላ በአንድ ጊዜ ይለቅና ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሆናል። ሲያድር መልሶ ይወፍራል፣ ስለዚህ ከምትፈልጉት ትንሽ አቅጥናችሁ ተዉት። ለሽምብራ፣ ለተጠበሰ አትክልት፣ ለቀይ ሥር የሚሆነው እሱ ነው። ወተትም እንቁላልም ስለሌለበት ለጾመኛም ይሆናል።

የኦቾሎኒ ቅቤ ድሬሲንግ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም ሎሚ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዝንጅብል ተፈቅፍቃ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ። ለብ ማለቱ ቅቤው እንዲላላ ነው። ጨው አትጨምሩ፣ ሶያ ሶሱ በቂ ጨው አለው። ይህ ለስላሳ ቅጠል ላይ ከባድ ነው፣ ቅጠሉን ያጎብጠዋል፤ በቀጭኑ የተከተፈ ጥቅል ጎመንና ካሮት ላይ ግን፣ ወይም ቀዝቃዛ ፓስታ ላይ፣ ሰው ድጋሚ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ነው። ምሳ አብራችሁ የምትበሉ ከሆነ ሳትናገሩ አታቅምሱ። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥና ሰናፍጭ ሦስቱም አለርጂ የሚያስነሱ ናቸው፣ የኦቾሎኒው ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ለልጅ የምትቋጥሩ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ኦቾሎኒ ይፈቅድ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይሰጥም።

አቮካዶ ተፈጭቶ ጥሩ ድሬሲንግ ይሆናል፣ ግን የዕለቱ ብቻ ነው። ሎሚ መጥቆሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በእንቁላል አስኳል የሚሠራውን ማዮኔዝ ግን ለምሳ ዕቃ ቤት ውስጥ አልሠራም። ጥሬ እንቁላል ለሰዓታት ቦርሳ ውስጥ ማዞር አያዋጣም። ማዮኔዝ ከፈለጋችሁ በፋብሪካ የተዘጋጀውን ከእርጎ ጋር እኩል ቀላቅሉት።

ነጭ ሽንኩርት በጥንቃቄ

ነጭ ሽንኩርት ሲያድር ይበረታል። ማታ ለስላሳ የነበረ ድሬሲንግ በማግስቱ ስብሰባ ውስጥ የማያስቀምጥ ይሆናል። ለዚህ ቀላል መላ አለ፦ ነጭ ሽንኩርቱን ደረቁን አትውቀጡት። መጀመሪያ ሎሚውን ወይም አቼቶውን አቅርቡ፣ ሽንኩርቱን በቀጥታ እሱ ውስጥ ፈቅፍቁ፣ አሥር ደቂቃ ተዉት። ነጭ ሽንኩርት የሚያቃጥለው ሲደቆስ በሚፈጠር ነገር ነው፤ አሲድ ያንን የሚፈጥረውን ኢንዛይም ስለሚያዳክመው ጣዕሙ ይቀራል፣ ማቃጠሉ ይቀንሳል። ቀይ ሽንኩርትንም ደቃቅ አድርጋችሁ ከትፋችሁ አቼቶው ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ብታቆዩት እንዲሁ ይበርዳል።

ሌላው ነገር ግን ከጣዕም ያለፈ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተሸፍኖ ፍሪጅ ውጭ መቀመጥ የለበትም። ዘይት አየር ያሳጣል፤ አየር በሌለበትና አሲድ በሌለበት ቦታ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ የምታመጣዋ ባክቴሪያ ልታድግ ትችላለች፣ ሽታውም መልኩም ሳይለወጥ። ስለዚህ "ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት ዘይት" ቤት ውስጥ ሠርቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይቅር። ድሬሲንጋችሁ ነጭ ሽንኩርት ካለበት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በአራት ቀን ውስጥም ይለቅ። ከዚያ በላይ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ መሠረቱን ያለ ሽንኩርት ሠርታችሁ አስቀምጡና ሽንኩርቱን በየማታው ለነገው ድርሻ ብቻ ጨምሩበት።

አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠልም እንዲሁ ነው። በሶብላና ፐርስሊ አሲድ ውስጥ ሲያድሩ አረንጓዴነታቸው ይጠፋል፣ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጠዋት ከትፋችሁ ሰላጣው ላይ በትኑት እንጂ ድሬሲንጉ ውስጥ አታሳድሩት።

መያዣው

አንድ ጊዜ ክዳኑ የገጠመ የመሰለኝ ዕቃ ቦርሳዬ ውስጥ ተከፍቶ፣ የብዙ ወር ሥራ የያዘ ማስታወሻ ደብተር ዘይት ጠጥቶብኛል። ውሃ ቢሆን ይደርቅ ነበር፤ ዘይት ግን ከወረቀት አይለቅም። ያን ቀን ካዘንኩ በኋላ ማንኛውንም ዕቃ ሳልፈትን አልይዝም።

ፈተናው እንዲህ ነው። ዕቃውን ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ግጠሙ፣ ላዩን አድርቁ፣ ደረቅ ሶፍት ላይ ዘቅዝቃችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሶፍቱ ከራሰ ያ ዕቃ ለስኳር ይሁን። ካልራሰ ክዳኑን ይዛችሁ ነቅንቁት፣ እንደገና ተመልከቱ። ጠምዝዞ የሚዘጋና ክዳኑ ውስጥ የጎማ ቀለበት ያለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፣ ጠቅ ብሎ ብቻ የሚዘጋ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ቢገባ አይከፋም።

ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ከሁሉ ይሻላል። ሽታ አይይዝም፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠራል። የአሉሚኒየም ዕቃ ተዉት፣ ሎሚና አቼቶ ይበሉታል፣ ድሬሲንጉም የብረት ጣዕም ያመጣል። ብልቃጡን እስከ አፉ አትሙሉት። ምሳ ሰዓት ላይ መናጥ አለባችሁና ሲሶውን ባዶ ተዉት።

ሁለት ዕቃ መያዝ ለማይፈልግ ሰው ሌላ ዘዴ አለ። አፈ ሰፊ ረጅም የብርጭቆ ዕቃ ውሰዱ። ድሬሲንጉ ከሁሉ በታች ይግባ። ከእሱ በላይ የማይበሳበሰውን ደርድሩ፦ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽምብራ። እነዚህ ግድግዳ ሆነው ድሬሲንጉን ይይዙታል፣ እየጠጡም ይጣፍጣሉ። ቀጥሎ ሩዝ ወይም ፓስታ፣ ቀጥሎ አይብ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ወይም ዶሮ፣ ቅጠሉ ከሁሉ በላይ። ቅጠሉ ድሬሲንጉን ሳይነካ ቀትር ይደርሳል። ዕቃው ግን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በእግር ወይም በተጨናነቀ ታክሲ የምትሄዱ፣ ቦርሳችሁ የሚዞር ከሆነ ይህ ዘዴ አይሆናችሁም፤ ትንሿን ብልቃጥ ያዙ።

ቅዝቃዜና ዕድሜ

የአቼቶና የዘይቱ ድሬሲንግ ብቻውን፣ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ትኩስ ቅጠል ካልገባበት፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ፍሪጅ ውጭ ቢቆይ ችግር የለውም። የእርጎው ግን አይችልም። ሰላጣችሁ ውስጥ ዶሮ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ የተቀቀለ ሩዝ ካለም እንዲሁ ነው። ጀርም በፍጥነት የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው፤ እንዲህ ያለ ምግብ በዚያ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። የምትሠሩበት ቦታ ፍሪጅ ካለ እንደገባችሁ አስገቡት። ከሌለ ማታ ትንሽ የውሃ ጠርሙስ፣ እስከ አፉ ሳትሞሉት፣ በረዶ አድርጉና ጠዋት ከምሳ ዕቃው ጋር አጠጋግታችሁ ቅዝቃዜ በሚይዝ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። ሲቀልጥ ትጠጡታላችሁ። በረዶም ቦርሳም ከሌለ የዚያን ቀን የአቼቶውን ድሬሲንግ ከጥሬ አትክልት ጋር ያዙ፣ እርጎውንና ዶሮውን ለእራት አቆዩት።

ፍሪጅ ውስጥ የአቼቶና የዘይቱ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። እርጎ፣ ጣሂኒ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ትኩስ ቅጠል የገባበት ሁሉ ሦስት አራት ቀን። ብልቃጡ ላይ የሠራችሁበትን ቀን በፕላስተር ጻፉ። "መቼ ነበር የሠራሁት?" እያሉ ማሽተት መልስ አይሰጥም።

ጣዕሙ ሲዛባ ማስተካከል

ከመጠን በላይ ከኮመጠጠ መጀመሪያ ጠብታ ማር ሞክሩ፣ ዘይት ከዚያ በኋላ። ጣዕም የለውም ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ጨው ነው፤ ጨው ጨምራችሁ ካልተነሳ አቼቶ ጨምሩ። ከመረረ ቁንጥር ጨውና ትንሽ ማር ያለሰልሱታል። ከወፈረ ውሃ በሻይ ማንኪያ እየለካችሁ፣ ዘይት አይደለም። ጨው ከበዛ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከጨው በቀር ሁሉንም እጥፍ አድርጉና የተረፈውን ለሌላ ቀን አስቀምጡ።

ቀትር ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ብልቃጡን ናጡ፣ ግማሹን ብቻ አፍስሱ፣ ምሳ ዕቃውን መልሳችሁ ክደኑና ወደ ላይ ወደ ታች አምስት ስድስት ጊዜ አገላብጡት። በሹካ ከማማሰል ይልቅ ይህ እያንዳንዱን ቅጠል ያዳርሳል። ክፈቱ፣ አንዲት ቅጠል ቅመሱ። ከቀለላችሁ የቀረውን ጨምሩ፤ ከበቃችሁ ክዳኑን ግጠሙትና ነገ ይደገማል።